መምህር ሲሄድ ትምህርት እንዳይሄድ



በቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ሥርዓት ቦታ የሚለውጠው ተማሪው ነው እንጂ መምህሩ አይደለም። መምህሩ በደብሩ አጠገብ ጐጆውን ቀልሶ፣ ወንበሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ተማሪው ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኰፋዳውን አንግቦ፣ ድጓ የሚሻ እንደ ሆነ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ እንደ ሆነ ወደ ዙር አባ፣ ቅኔ የሚሻ እንደ ሆነ ወደ ዋሸራ ወይም ለላስታ ጎረቤት ወደ ሆነው ወደ ዋድላ ይሄዳል። ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ቀን የሚቈርጠውም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ነው። ዛሬ በየቀበሌው በተሠሩት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ነገሩ ተገልብጦ እናያለን። ሕፃኑ በተወለደበት መንደር ይኖራል፤ መምህሩ በምደባ ይመጣል፣ በዝውውር፣ በችግር ወይም በስጋት ይሄዳል። ሕፃኑ ሳይመርጥና ሳይጠየቅ መምህሩ ይለወጥበታል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይወለዳል። ይኸውም መምህር በተለወጠ ጊዜ የሕፃኑን ትምህርት የሚሸከመው ማን ነው? የሄደው መምህር ነውን? የመጣው ነውን? ሕፃኑ ራሱ ነውን? ወይስ ከመንደሩ የማንንቀሳቀሰው እኛ ነን? ጥያቄው ሲሰሙት የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የሕሊና ጉዳይ ሆኖ ይገኛል፤ በዚህ መለዋወጥ መካከል የሚጠፋው ዕቃ ሳይሆን ሕፃን ነውና።

ላስታ ተራራማ አገር እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ጀምሮ ወደ ተከዜ እስከሚወርደው ቆላ ድረስ ብዙ ሕፃናት ትምህርት ቤት ለመድረስ ዐቀበት መውጣትና ቍልቍለት መውረድ ግድ ይሆንባቸዋል። ወንዝ የሚሞላበት ወራት አለ፤ አዝመራ የሚሰበሰብበት ወራት አለ፤ ከብት ጠባቂ የሚታጣበት ቀን አለ። በዚህ ሁሉ ላይ የቅርብ ጊዜው መከራ ተጨመረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በአገሩ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላስታ ደርሶ፣ ላሊበላ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ስትተላለፍ ቆየች። ይህ ሐዘን ሳይሽር ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በክልሉ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተነግሯል። በዚህ መካከል መምህራን ተበትነዋል፤ አንዳንዱ ወደ ዘመዱ፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል፤ የቀረውም በጭንቅ ቀርቷል።

እንግዲህ አስቀድመን መምህሩን እንመርምር። መምህር ትቶ መሄዱ በደል ነውን? አንዳንድ ሰዎች በጌታችን ምሳሌ መሠረት ተኵላ ሲመጣ በጎቹን ጥሎ የሚሸሸውን ምንደኛ እየጠቀሱ፣ ከቦታው የተዛወረውን መምህር ሁሉ በዚያ ስም ሲጠሩት እንሰማለን። ይህ ግን ከባድ ፍርድ ነው። ደመወዙ ከወር እስከ ወር የማያደርሰው፣ ሚስቱና ልጆቹ በሌላ ወረዳ የሚኖሩ፣ ወይም ሕይወቱ በስጋት ላይ የወደቀ መምህር ቦታ ቢለውጥ እግዚአብሔር የሚያውቀው ምክንያት አለው። ቅዱሳን ሐዋርያትም በአንድ ከተማ ሲያሳድዷቸው ወደ ሌላው ሄደዋል። ስለዚህ መሄድ በራሱ በደል ነው ብለን አናስተምርም።

በደል የሚሆነው ሳያስረክቡ መሄድ ነው። መምህር በእጁ የያዘው ጠመኔና መዝገብ ብቻ አይደለም። የትኛው ሕፃን ፊደል እንደሚምታታበት፣ የትኛው ሳይበላ እንደሚመጣ፣ የትኛይቱ ልጅ ውኃ ለመቅዳት ስትል እንደምትዘገይ፣ የትኛው ሲጠየቅ ደንግጦ ዝም እንደሚልና ቢታገሡት ግን መልሱን እንደሚያውቅ ያውቃል። ይህ ዕውቀት የተሰጠው በአደራ ነው። ለሚተካው ሳይነግር ይዞት ቢሄድ ገንዘብ ሳያስረክብ እንደ ሄደ ግምጃ ቤት ይቈጠራል። ሙሴ ወደ ተስፋዪቱ ምድር አልገባም፤ ነገር ግን ከመሄዱ አስቀድሞ በኢያሱ ላይ እጁን ጫነ፣ ሕዝቡም እያየ ሾመው። የሕዝቡ ጉዞ በሙሴ ሞት ያልቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሕፃኑ እንመለስ። መምህር ሲለወጥ ሕፃናት ከትምህርት የሚቀሩት ስለ ምንድን ነው? ሕፃን ትምህርትን የሚወደው አስቀድሞ መምህሩን በመውደድ ነው። ፊደሉን ከመውደዱ በፊት ፊደሉን የሚያሳየውን ጣት ይወዳል። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ነውና ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ፍቅሩ በጣቱ ላይ ቀርቶ ወደ ፊደሉ ሳይሻገር መምህሩ ቢሄድ፣ ሕፃኑ ትምህርቱም አብሮ የሄደ ይመስለዋል። በየማለዳው ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይል የነበረ ልጅ፣ አዲሱ መምህር ስሙን ሳይዘው ሳምንት ሲያልፍ፣ መምጣቱም መቅረቱም አንድ ይሆንበታል። አንድ ቀን ይቀራል፤ ማንም አይጠይቀውም። ሁለተኛ ቀን ይቀራል፤ ማንም አይጠይቀውም። በሦስተኛው ቀን አባቱ በጎች ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ስሙ በመዝገብ ይኖራል፣ እርሱ ግን ከበጎቹ ጋር ነው። እንግዲህ ሕፃን የሚቀረው ሰነፍ ሆኖ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው መጕደሉን የሚያውቅለት ሰው ሲያጣ ነው።

በዚህ ነገር የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ትልቅ ትምህርት ይሰጡናል። ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉት እነዚያ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ጀምሮ 800 ዓመት ያህል ሲቀደስባቸው ኖሯል። በዚህ ዘመን ሁሉ በውስጣቸው ያገለገሉት ካህናትና ዲያቆናት ቍጥራቸው በእግዚአብሔር ዘንድ ነው፤ የብዙዎቹን ስም ዛሬ የሚያውቅ የለም። አገልጋዩ አልፏል፤ አገልግሎቱ ግን አልታጐለም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሰውን መለዋወጥ አስቀድሞ ዐውቆ የተሠራ ስለ ሆነ ነው። ሰሞነኛው ካህን ሰሞኑን ሲፈጽም ለሚቀጥለው ሰሞነኛ ያስረክባል። ዲያቆኑ ቅስና ሲቀበል ሌላ ዲያቆን ይተካል። ምእመኑም ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው እገሌ የሚባል ቄስ ተረኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ ወደ እግዚአብሔር ቤት ነው የሚመጣው። ለውጥ የሚጐዳው ሥርዓት ያልተዘጋጀለት እንደ ሆነ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ያስተማራቸው ይህንኑ ነው፤ እነርሱ በመምህራን ስም ሲከፋፈሉ፣ እርሱና አጵሎስ ተካይና አጠጪ ብቻ እንደ ሆኑ፣ የሚያሳድገው ግን እግዚአብሔር እንደ ሆነ ገለጸላቸው።

ስለዚህ ተማሪው በመምህሩ ላይ ብቻ ሳይደገፍ እንዲቆም ማስተማር ያስፈልጋል። ዛሬ ይህን «ራስን መቻል» ይሉታል። ቃሉ መልካም ነው፤ ትርጓሜው ግን መለየት ይገባዋል።

ሐሰተኛ የሆነ ራስን መቻል አለ። በላሊበላ ከተማ የእንግዶች መምጣት በበዛባቸው ዓመታት ሕፃናት ጎብኚ እየተከተሉ ብዕርና መጽሐፍ፣ አልፎም ገንዘብ ሲለምኑ፣ ጫማ ሲጠርጉ፣ መንገድ ሲመሩ ማየት የተለመደ ነበር። ጥቂት ብር በእጁ የገባለት ልጅ «ራሴን ችያለሁ» ብሎ ትምህርቱን ሲተው፣ ወላጆቹም ቤቱን ስለ ደጐመ ዝም ሲሉት ይታይ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በበሽታና በጦርነት ምክንያት እንግዳ ሲጠፋ ግን የዚህ ልጅ ራስን መቻል ከእንግዳው ጋር አብሮ ጠፋ። በእርግጥ በራሱ የቆመ ሳይሆን በሰው ኪስ ላይ ተደግፎ የነበረ ነበርና። ይህን የምንለው ድኻውን ልጅ ለመንቀፍ አይደለም፤ የድኻ ልጅ የእናቱን ምጣድ ባዶነት አይቶ መውጣቱ ከርኅራኄ ነው። ነገር ግን ልጅ ቤት እንዲደጕም ሲሆን የሚከፈለው ዋጋ የነገ ዕድሜው መሆኑን ወላጅ ማወቅ አለበት።

እውነተኛው ራስን መቻል ሌላ ነው። በአማርኛችን «መቻል» ማለት መሸከም፣ መታገሥም ማለት ነው። ራሱን የቻለ ተማሪ ማለት መምህር የማያስፈልገው ተማሪ ማለት አይደለም፤ መምህሩ ባልቆመበት ሰዓት ትምህርቱን መሸከም የሚችል ተማሪ ማለት ነው። ይህን ደግሞ አባቶቻችን በቅኔ ቤት በሚገባ ሠርተውበታል። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን በዛፍ ጥላ ወይም በድንጋይ ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል። መምህሩ አጠገቡ የለም፤ ጓደኛው አይነግረውም፤ የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ቢል ያፍራል። በመሸ ጊዜ ግን ወደ መምህሩ መጥቶ ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናለታል። ቀን ለብቻ፣ ማታ ከመምህር ጋር። ብቻውን እንዲውል ባይደረግ የራሱ ቅኔ አይኖረውም፤ ማታ የሚሰማው ባይኖር ደግሞ ስሕተቱ ልማድ ሆኖ ይቀራል። በንባብ ቤትም ዳዊት የሚደግመው ልጅ ፊደል የሚቈጥረውን ታናሹን ያስቀጽላል። በዚህ ዓይነት የኔታ ለቅዳሴ ወይም ለፍታት ቢሄዱ እንኳ ትምህርቱ አይቆምም።

ጌታችንም ሐዋርያትን ያስተማረው በዚሁ መንገድ ነው። ገና ከእነርሱ ጋር ሳለ ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው፤ ተመልሰውም የሠሩትንና ያስተማሩትን ሁሉ ነገሩት። ከእነርሱ በአካል የሚለይበት ቀን ሲደርስ መላክ ለእነርሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። መላክና መቀበል አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ያድጋል። መላክ ብቻ ቢሆን መጣል ይሆናል፤ መያዝ ብቻ ቢሆን ማሰር ይሆናል።

ግንቦት 11 ቀን የሚታሰበው የቅዱስ ያሬድ ታሪክም ለዚህ ነገር ታላቅ ምስክር ነው። ያሬድ በሕፃንነቱ በአጐቱ በአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባ ብሎት፣ ግርፋቱም ጸንቶበት ጥሎ ሄደ። በዛሬ አነጋገር ያሬድ ከትምህርት የቀረ ልጅ ነበር። የመለሰው በትር አይደለም። ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ሲሞክር ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ሲወጣ አይቶ፣ ከዚያ ትል ትዕግሥትን ተምሮ በራሱ ፈቃድ ተመለሰ። ይህን ክፍል ሁላችን እናስተምረዋለን። ነገር ግን ሳንናገረው የምናልፈው ሌላ ክፍል አለ። ያሬድ በተመለሰ ጊዜ መምህሩን በቦታው አገኘው፤ ይቅርታ ለመነ፣ መምህሩም ተቀበለው። በዚያ ቀን ያሬድ ተመልሶ ወንበሩን ባዶ ቢያገኘው፣ ወይም ስሙን የማያውቅ ሰው ተቀምጦ «አንተ ማን ነህ? ስምህ ከመዝገብ ተሰርዟል» ቢለው ምን ይሆን ነበር? የልጁ ቍርጥ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ የተከፈተ በርም ያስፈልግ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው ቢሆን ይህች ቤተ ክርስቲያን የምትዘምርበትን ዜማ ባላገኘች ነበር።

በአገራችን የትምህርት ታሪክም የመምህራን መለዋወጥ አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተከፈተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ለሁለት ሁለት ዓመት እየመጡ በየአውራጃው አስተማሩ። በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹም መምህራን ሆነው ሠሩ። እነዚህ ሁሉ መጥተው ሄደዋል። እነርሱ ያስተማሯቸው ልጆች ግን በኋላ ለአገር ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን ሆነዋል። እንግዲህ አጭር ጊዜ ማስተማር ከንቱ አይደለም። አንድ ዓመት ብቻ የተቀመጠ መምህር፣ ሕፃኑ ያለ እርሱ መጽሐፍ ገልጦ እንዲያነብ አድርጎት ከሄደ፣ ዐሥር ዓመት ተቀምጦ ሕፃናቱን ያለ እርሱ ድምፅ የማይንቀሳቀሱ ካደረጋቸው መምህር ይልቅ አትርፏል።

በዚህ ስፍራ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። አንደኛው «ሕፃኑ ራሱን እንዲችል የምንፈልግ ከሆነ፣ ስለ ምን በቀረ ቍጥር እንከተለዋለን? ይቅር፤ ሲጸጸት ይመለስ» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ለጐልማሳ ቢሆን ይስማማ ይሆናል። የሰባት ዓመት ሕፃን ግን የሚጸጸትበት ቀን ሲመጣ ጊዜው አልፎበታል። እግር ሳይጠና ምርኵዝ መንጠቅ ማስቻል አይባልም። ቸር እረኛም ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሄደው የጠፋው በግ ራሱን ይቻል ብሎ ባለመተዉ ነው። ተከትሎ ማምጣትና ራስን ማስቻል አይቃወሙም፤ ዛሬ ተከትለን የምናመጣው ነገ ሳንከተለው እንዲመጣ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መንግሥት የሾመው ርእሰ መምህር፣ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረትም እያለ ካህን በትምህርት ቤት ጉዳይ ምን አገባው?» የሚል ነው። መልሳችን ይህ ነው፤ ካህን መምህሩን ተክቶ እንዲያስተምር ወይም በሥልጣኑ እንዲገባ አንጠይቅም። ነገር ግን በመንደሩ ውስጥ ሳይዛወር የሚኖረው ማን ነው? መምህር ይዛወራል፤ ርእሰ መምህር ይለወጣል፤ የወረዳ ሹም ይነሣል። የነፍስ አባት ግን ልጁን ሲጠመቅ ያውቀዋል፤ አባቱን ሲናዝዝ፣ እናቱን ስታዝን ያያል፤ በየወሩም በየቤቱ ጠበል ይረጫል። ስለዚህ የሄደው መምህር ያልነገረውን ለመጣው መምህር የሚነግር፣ የቀረውንም ልጅ ከቤቱ የሚጠይቅ እርሱ ነው። የጎረቤት የሙስሊም ልጅ ቢሆንም እንኳ፣ ቢጐድል የሚጠይቅለት ይገባዋል፤ ሳምራዊው በመንገድ የወደቀውን ሰው ሲያነሣ ወገኑን አልጠየቀምና።

ከዚህም ጋር በእኛ በካህናት ዘንድ ሊቀና የሚገባው አንድ ነገር አለ። በወሩ ውስጥ የሚውሉትን በዓላት ምክንያት በማድረግ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ያስቀራሉ። በዓል የሚያስታጕለው ሞፈርና ቀንበርን ነው፤ ፊደልን አይደለም። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይነበባል፣ ይተረጐማል፣ ይዘመራል፤ ማንበብ በበዓል የተከለከለ ቢሆን ኖሮ ቅዳሴውም ባልተነበበ ነበር። ደግሞም በበዓል ምክንያት ከትምህርት የቀረ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ብዙ ጊዜ አናየውም፤ በጎች ሲጠብቅ እናየዋለን። ስለዚህ የነፍስ አባት ለንስሓ ልጆቹ «ልጅህን ወደ ትምህርት በመላክህ በዓል አልሻርህም» ብሎ በግልጥ ሊነግራቸው ይገባል። ይህን ቃል ከመምህሩ ወይም ከሹሙ አፍ ቢሰሙት ይጠራጠራሉ፤ ከካህን አፍ ቢሰሙት ግን ያምናሉ።

ወላጆችም የበኩላቸው አለባቸው። መምህር በተለወጠ ጊዜ ልጁን ይዞ ሄዶ ለአዲሱ መምህር «ይህ ልጄ ነው፤ ስሙ እገሌ ነው፤ ከዚህ ደርሷል» ብሎ ማስተዋወቅ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲሱም መምህር ከትምህርቱ አስቀድሞ ስማቸውን ይማር። ነቢዩ ኤልሳዕ መምህሩ ኤልያስ ከእርሱ በተለየ ጊዜ አልቅሶ ልብሱን ቀደደ፤ ነገር ግን በዚያ አልቀረም፤ የወደቀለትን መጐናጸፊያ አንሥቶ ወደ ዮርዳኖስ ተመለሰና ብቻውን ተሻገረ። ልጅ መምህሩ ሲሄድ ማልቀሱን አንከልክለው፤ የሚያነሣው መጐናጸፊያ ግን እንዳይታጣ እንጠንቀቅ። ያ መጐናጸፊያ አንዳንድ ጊዜ መምህሩ ትቶለት የሄደ አንድ ደብተር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ማታ በኩራዝ ብርሃን የሚያስነብበው አንድ ገጽ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም «ትናንት ለምን ቀረህ?» የሚል የአንድ ቄስ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ የተነሣንበትን ጥያቄ በዚህ እንደመድማለን። የሚሄደው መምህር አደራውን ማስረከብ፣ የሚመጣው ስም ማወቅ፣ ሕፃኑ በመጠኑ መሸከም ግዴታቸው ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከቦታችን የማንለወጠው የእኛ ግዴታ ነው። መምህራንን በቦታቸው ማቆየት በእጃችን ላይሆን ይችላል፤ ሰላምንም ከእግዚአብሔር እንለምናለን እንጂ በራሳችን ልናመጣት አንችልም። በየማለዳው በአጥቢያችን ስንት ሕፃናት እንደ ጐደሉ ማወቅ፣ ስማቸውንም ጠርቶ መጠየቅ ግን ለማንም የማይሳን ሥራ ነው። በኋለኛይቱ ቀን የበጎች ጌታ ስለ መንጋው ሲጠይቀን «መምህሩ ተዛውሮ ነበር» ማለት መልስ አይሆነንምና፣ ዛሬ ቆጥረን እንገኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።